ዮሴፍ ወልደ ማትያስና በዓለ ብርሃናት

ዜና አይሁድ የሚባለውን መጽሐፍ ገልጦ ያላነበበ የአብነት ተማሪ ምናልባት ይኖር ይሆናል፤ ስሙን ያልሰማ ግን አይገኝም። መጽሐፉ በአንዳንድ አቈጣጠር ከሰማንያ አሐዱ ጋራ ይቈጠራል፤ ጸሓፊውም ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ይባላል። እኔም በንባብ ቤት ሳለሁ ይህ ዮሴፍ ኢየሩሳሌም ስትጠፋ በዐይኑ ያየ፣ ያየውንም የጻፈ ሰው ነው ብዬ ይዤ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዜና አይሁድ በ10ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ ምድር በዕብራይስጥ ተጽፎ፣ ኋላ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛም ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ጥፋቱን በዐይኑ ያየው ከዚያ ስምንት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ የኖረው ዮሴፍ ወልደ ማትያስ ሲሆን፣ ሮማውያን ፍላዊዮስ ዮሴፎስ ይሉታል። ወልደ ኮርዮን የተባለው በዚያው በጦርነቱ ዘመን በኢየሩሳሌም የነበረ ሌላ ሹም ነው። የሁለቱ ስም ስለ ተቀላቀለ የአንዱ ታሪክ በሌላው ስም ወደ እኛ ደረሰ።

ስለዚህ ሰው ሕይወት ለመጻፍ የተነሣሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ አይሁድ በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ ስምንት ሌሊት መብራት እያበሩ የሚያከብሩትን በዓል ብርሃናት ብሎ በጽሑፍ ያቈየልን እርሱ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የእስራቱ ሰንሰለት የተቈረጠው በቤሩት መሆኑ ነው። በቤሩትና በዙሪያዋ ዛሬ ብዙ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን በሥራ ይኖራሉ፤ በየቀኑ የሚያልፉበት መንገድ ምን ያለ ታሪክ እንደ ተፈጸመበት ማወቅ ይገባቸዋል። እነዚህ ሁለት ነገሮች የሚገናኙበትን ስፍራ ወደ ፊት እናየዋለን።

ዮሴፍ የተወለደው ጋይዮስ ቄሣር በነገሠበት ዓመት፣ በ37 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ ማትያስ ካህን ነበረ፤ ወገኑም ዳዊት ካህናቱን በሃያ አራት ክፍል በመደበ ጊዜ የፊተኛው ዕጣ ከወጣለት ከዮአሪብ ቤት ነው። ከዚህም በላይ ከሐስሞናውያን ነገሥታት ዘር እንደሚወለድ ራሱ ጽፏል። ሐስሞናውያን የተባሉት የይሁዳ መቃቢ ቤተ ሰቦች ናቸው። የሶርያ ንጉሥ አንጥያኮስ በ167 ዓመተ ዓለም፣ ማለት ከልደተ ክርስቶስ በፊት፣ ቤተ መቅደሱን ባረከሰ ጊዜ፣ መሥዋዕቱም በቀረ፣ መቅረዙም በጨለመ ጊዜ፣ ይህ ይሁዳ ከወንድሞቹ ጋራ ተነሥቶ ተዋጋ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በ164 ካሴሉ በሚባለው ወር በ25ኛው ቀን መቅደሱን አንጽቶ መብራቱን አበራ። የእኛ ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ይህን ታሪክ አይተርኩትም፤ እነርሱ ሌሎች መቃብያንን የሚናገሩ ሌሎች መጻሕፍት ናቸው። ተማሪው ዜና አይሁድን እንጂ መቃብያንን ገልጦ ይሁዳን ሲፈልግ ቢደክም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የመብራቱ በዓል ለዮሴፍ የሕዝቡ በዓል ብቻ ሳይሆን የገዛ አባቶቹ መታሰቢያ ነበረ።

በልጅነቱ የትምህርት ፍቅር ነበረው። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው ሊቃነ ካህናቱ የሕግ ነገር ሊጠይቁት ይመጡ እንደ ነበረ ይተርካል፤ ይህን የሚነግረን ራሱ ስለሆነ አንባቢው ጥቂት ቀንሶ ቢቀበለው አይከፋም። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው የፈሪሳውያንን፣ የሰዱቃውያንንና የኤሴናውያንን ሥርዐት በየተራ ፈተነ። በዚህም ስላልረካ ባኖስ የሚባል ባሕታዊ ወዳለበት በረሓ ወረደ። ባኖስ ልብሱ ከዛፍ የሚገኝ፣ ምግቡ ማንም ያልዘራው የምድር ፍሬ፣ ሌሊትና ቀንም ስለ ንጽሕና በቀዝቃዛ ውኃ የሚታጠብ ሰው ነበረ። ዮሴፍ በእርሱ ዘንድ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ወደ ከተማ ተመልሶ የፈሪሳውያንን መንገድ ያዘ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ሳነብ፣ ያ የበረሓ ደቀ መዝሙር በሮም ቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ሲያረጅ ባኖስን ያስበው ነበር ወይ እያልሁ ራሴን እጠይቃለሁ። ቢያንስ በስተርጅናው ስሙን ጽፎ አልረሳውም።

ሃያ ስድስት ዓመት ከሞላው በኋላ ወደ ሮም ተጓዘ። በግብረ ሐዋርያት የምናውቀው አገረ ገዢ ፊልክስ ጥቂት ካህናትን አስሮ ወደ ቄሣር ልኮ ነበርና እነርሱን ለማስፈታት ነው የሄደው። ካህናቱ በእስር ቤት ሳሉ የአሕዛብን ምግብ ላለመንካት በለስና ለውዝ ብቻ ይበሉ ነበር። ስድስት መቶ ያህል ሰው የጫነችው መርከብ በአድርያ ባሕር ሰጠመች፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲዋኙ ካደሩት መካከል እርሱን ጨምሮ ሰማንያ ያህሉን የቀሬና መርከብ አወጣቸው። ቅዱስ ጳውሎስም በዚያው ባሕር በተመሳሳይ መከራ አልፎ በዚያው በፑቲዮሉስ ወደብ እንደ ወረደ እናስታውሳለን፤ በሁለቱ ጉዞ መካከል ያለው ጊዜም ጥቂት ነው። ዮሴፍ በኔሮን ሚስት በፖፔያ አማላጅነት ካህናቱን አስፈትቶ ተመለሰ። የሮምን ኀይል በዐይኑ አይቶ ነበርና አገሩ ሲደርስ ሕዝቡ ለዐመፅ መነሣሣቱን ባየ ጊዜ ደነገጠ። ቢናገርም የሚሰማው አላገኘም።

በ66 ጦርነቱ ተነሣ፤ ዮሴፍም በገሊላ አዛዥ ሆኖ ተላከ። በሚቀጥለው ዓመት የሮም የጦር አለቃ አስባስያኖስ መጥቶ ዮታፓታ በምትባል አምባ ከበበው። አምባዪቱ አርባ ሰባት ቀን ከተዋጋች በኋላ ወደቀች። ዮሴፍ ከአርባ ሰዎች ጋራ በዋሻ ተሸሸገ። ሰዎቹ እጅ ከመስጠት መሞትን መረጡና በዕጣ እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ፤ በመጨረሻ ዮሴፍና አንድ ሰው ብቻ ቀሩ፤ ሁለቱም ወጥተው እጃቸውን ሰጡ። የዕጣው ነገር በእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን በሰው ብልኀት፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ወገኖቹ ከሐዲ ብለውታል። እኔ በዚህ ላይ ፈራጅ ልሆን አልወድም፤ ነገር ግን የሠላሳ ዘጠኙ ሬሳ በዋሻው ውስጥ ቀርቶ እርሱ ሲወጣ ሳስበው ልቤ ይከብደኛል።

በአስባስያኖስ ፊት በቆመ ጊዜ አስባስያኖስም ልጁ ጥጦስም ቄሣር ይሆናሉ ብሎ ተነበየ። አስባስያኖስ አልገደለውም፤ በሰንሰለት አስሮ አቈየው። ሁለት ዓመት ታሰረ። በ69 በሮም ቄሣር በቄሣር ላይ ሲነሣ የምሥራቁ ሠራዊት አስባስያኖስን አነገሠው። አዲሱ ቄሣርም ወደ ቤሩት ወረደ።

ቤሩት በዚያ ዘመን ከከነዓናውያን ከተማነቷ ይልቅ በሮማዊነቷ የምትታወቅ ነበረች። አውግስጦስ ቄሣር ያገለገሉ ወታደሮቹን አስፍሮባት በፊንቄ ባሕር ዳር እንደ ትንሽ ሮም ሆና ነበር። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 12 አሟሟቱ የተጻፈው ንጉሥ አግሪጳ ቴአትር፣ የመዋጊያ ክብ አደባባይ፣ መታጠቢያ ቤትና አዳራሽ ሠርቶላት ነበር፤ ለምርቃቱም ሰባት መቶ ወንጀለኞችን ከሰባት መቶ ጋራ አዋግቶ ሁሉንም አስጨረሳቸው። በዚህች ከተማ አስባስያኖስ ከየአገሩ የመጡ መልእክተኞችን ሲቀበል፣ አክሊልና ምስጋና ሲቀርብለት፣ የእስረኛውን ትንቢት አስታወሰ። ዮሴፍ እንዲፈታ አዘዘ። ጥጦስ ግን ሰንሰለቱ እንዲፈታ ሳይሆን እንዲቈረጥ አባቱን ለመነ። በሮማውያን ልማድ ሰንሰለቱ ተፈትቶ የተለቀቀ ሰው የእስረኛነት ነውር ይቀርበታል፤ በመጥረቢያ የተቈረጠለት ግን ከመጀመሪያውም እንዳልታሰረ ይቈጠራል። አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ ቀረበና ሰንሰለቱን ቈረጠው።

ዮሴፍ ነጻ ወጣ። ነጻነቱ ግን ከአሸናፊው ጋራ ወደ ኢየሩሳሌም እንዲወርድ ያደረገው ነጻነት ነበረ። በ70 ጥጦስ ከተማዪቱን ሲከብብ ዮሴፍ በቅጥሩ ዙሪያ እየተመላለሰ ሕዝቡ እንዲገዛ በዕብራውያን ቋንቋ ይለምን ነበር። አባትና እናቱ በውስጥ ታስረው ነበሩ። ከቅጥሩ ላይ በድንጋይ ተመትቶ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ በከተማዪቱም ሞተ ተብሎ ደስታ ሆነ። በዚያው ዓመት በነሐሴ መቅደሱ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ጥጦስ ከከተማዪቱ የወደደውን እንዲወስድ ቢፈቅድለት፣ ዮሴፍ ቅዱሳት መጻሕፍትንና የሰዎችን ነፍስ ለመነ። ወንድሙንና ኀምሳ ወዳጆቹን አስለቀቀ፤ በመቅደሱ ቅጥር ከታጐሩት ሴቶችና ልጆች የሚያውቃቸውን መቶ ዘጠና ያህሉን አወጣ። ወደ ቴቁሔ ተልኮ ሲመለስ ከተሰቀሉት ምርኮኞች ሦስቱን ስለ ዐወቃቸው እያለቀሰ ለጥጦስ ነገረ፤ ወረዱ፤ ሁለቱ በሐኪም እጅ ሞቱ፤ አንዱ ዳነ። ከሐዲ ነው የሚሉት ይህን ገጽ ዘልለው ማለፍ አይገባቸውም።

በዚያው በ70 በልግ ጥጦስ ምርኮኞቹን ይዞ በየከተማው እየዞረ ድግስ አደረገ። በቂሣርያ የወንድሙን የድምጥያኖስን የልደት ቀን ሲያከብር ከ2500 የሚበልጡ አይሁድ ከአራዊት ጋራና እርስ በርሳቸው እየተዋጉ፣ በእሳትም እየተቃጠሉ ጠፉ። ከዚያ ወደ ቤሩት መጣ። የአባቱን የአስባስያኖስን ልደት፣ ማለት ኅዳር 17ን፣ በዚህች ከተማ ከፊተኛው በሚበልጥ ክብርና ወጪ አከበረ፤ ብዙ ምርኮኞችም እንደ ቂሣርያዎቹ ሞቱ። የካሴሉ ወር በሚገባበት ሰሞን ነው። የአንዱ አይሁዳዊ ሰንሰለት በክብር ከተቈረጠ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በዚያችው ከተማ የወገኖቹ ደም ለያኛው ቄሣር የልደት ጨዋታ ሆነ። ዮሴፍ የኢየሩሳሌምን ጥፋት ገጽ በገጽ እያለቀሰ ጽፏል። የቤሩቱን ግን በጥቂት መስመር ጽፎ ያልፋል።

በ71 በሮም ታላቅ የድል ሰልፍ ተደረገ። ከምርኮው ሁሉ የሚበልጡት የመቅደሱ ንዋያት ነበሩ፤ የወርቁ ማዕድ፣ ሰባት ቅርንጫፍ ያለው የወርቅ መቅረዝ፣ በመጨረሻም የሕጉ መጽሐፍ። ዮሴፍ መቅረዙን በዝርዝር ይገልጠዋል፦ ከመሠረቱ የሚወጣ አንድ ግንድ፣ ከግንዱም ግራና ቀኝ የሚዘረጉ ቀጫጭን ቅርንጫፎች፣ በየጫፋቸውም መብራት። ካህን ነበርና የሚናገረውን ያውቃል። በሮም የጥጦስ ቅስት ላይ የተቀረጸው የዚህ ሰልፍ ሥዕል እስከ ዛሬ አለ፤ ወደ ሮም የሚሄድ ሰው ሊያየው ይችላል። መቅረዙ ሲያበራ አልተወሰደም፤ በሰዎች ትከሻ ላይ ጨልሞ ነው የሄደ። ቄሣር ኋላ በሠራው በሰላም ቤት አኖረው።

ዮሴፍ በሮም የቄሣርን የቀድሞ ቤት፣ ዜግነትና ቀለብ ተቀበለ። በዚያ ተቀምጦ ስለ ጦርነቱ ሰባት መጻሕፍት ጻፈ። ከዚያም ብዙ ዓመት ደክሞ ከፍጥረት ጀምሮ የሕዝቡን ታሪክ በሃያ መጻሕፍት አዘጋጀ፤ ይህን የፈጸመው በ93 ወይም በ94፣ ኀምሳ ስድስት ዓመት ሲሆነው ነው። ስለ ዮሐንስ መጥምቅና ስለ ጌታ ወንድም ስለ ያዕቆብ የጻፈው በዚህ ውስጥ ነውና ክርስቲያኖች መጻሕፍቱን ጠብቀው ያቈዩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በ12ኛው መጽሐፍ ወደ ይሁዳ መቃቢ በደረሰ ጊዜ፣ መቅደሱ እንደ ነጻ፣ መቅረዙ እንደ በራ፣ በዓሉም ስምንት ቀን እንደ ተከበረ ይተርካል። ቀጥሎ ይህ በዓል እስከ እርሱ ዘመን ድረስ ብርሃናት እንደሚባል ይነግረናል።

ለምን ብርሃናት እንደ ተባለም የራሱን ግምት ይሰጣል። እንደ እርሱ አሳብ፣ በሥርዐታቸው ለማምለክ ያገኙት ነጻነት ባልጠበቁትና ተስፋ ባልነበረበት ጊዜ ስለ ታየላቸው ነው። ልብ አድርጉ፤ ስለ ዘይት ተአምር አንድ ቃል አይናገርም። ሊቀ ካህናቱ ያተመው፣ ለአንድ ቀን ብቻ የሚበቃ ማሰሮ ዘይት ስምንት ቀን ነደደ የሚለው ትረካ በባቢሎን ታልሙድ የተጻፈ ነው፤ መጽሐፉም ከዮሴፍ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ የተሰበሰበ ነው። ዛሬ አይሁድ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት ይህን ነው። እኔ ሁለቱ ትርጓሜዎች እንደ እኛ አንድምታ ጐን ለጐን ቢቆሙ ይሻላል እላለሁ። የዘይቱ ትርጓሜ ጥቂቱ እንደማያልቅ ይናገራል፤ የዮሴፍ ትርጓሜ ብርሃኑ ራሱ ነጻነት እንደ ሆነ ይናገራል። ይህን የጻፈው ደግሞ በነጻነት የተቀመጠ፣ መቅደስ ግን የሌለው ካህን ነው። ሰንሰለቱ በቤሩት ሲቈረጥ የተሰጠው ነጻነት የአባቶቹ ነጻነት አልነበረም፤ ይሁዳ ያገኘው መብራቱን የማብራት ነጻነት ነበረ፤ ዮሴፍ ያገኘው መብራቱ ሲወሰድ ቆሞ የማየት ነጻነት ነው። የብርሃናትን ትርጕም በሚጽፍበት ጊዜ ይህን ልዩነት አላሰበም ለማለት እቸገራለሁ።

ጌታችንም በዚህ በዓል በመቅደስ በሰሎሞን ደጅ መመላለሱ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ተጽፏል። ወንጌላዊው ጊዜው ክረምት እንደ ነበረ ሲናገር የእኛን የሐምሌና የነሐሴን ክረምት ማለቱ አይደለም፤ በዚያ አገር ዝናሙና ብርዱ በታኅሣሥና በጥር ነውና።

መቅደሱ ከጠፋ በኋላ የመብራቱ ሥርዐት ወደ የቤቱ ገባ። ሌሊት በሌሊት የሚበራውን መብራት ቍጥር በተመለከተ የሻማይና የሂሌል ደቀ መዛሙርት ተከራከሩ። የሻማይ ወገን ከስምንት ጀምሮ ወደ አንድ ይውረድ አሉ፤ የሂሌል ወገን በቅድስና ነገር መጨመር እንጂ መቀነስ አይገባምና ከአንድ ጀምሮ ወደ ስምንት ይውጣ አሉ፤ ሕዝቡም የሂሌልን ያዘ። መብራቱ ከደጅ ወይም ከመስኮት ይኖራል፤ መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው ነው። በብርሃኑ መሥራት፣ ገንዘብ መቍጠርም ክልክል ነው፤ ለመታየት ብቻ ይበራል። ስለዚህም ለማቀጣጠያ አገልጋይ የሚባል ዘጠነኛ መብራት ይጨመራል፤ ሥራውን እርሱ ይሸከማል። በድሮ ዘመን የወይራ ዘይት ነበረ፤ ሻማ የመጣ ኋላ ነው። የእኛ አገር ቤተ እስራኤል ግን በቀድሞ ሥርዐታቸው ይህን በዓል አያከብሩም ነበር፤ በጎንደር ተራሮች ያደረሳቸው ኦሪቱ ነውና ከኦሪት በኋላ የመጣውን የይሁዳን በዓል የተማሩት ከውጭ ካሉት አይሁድ ጋራ ከተገናኙ ወዲህ ነው።

ወደ ቤሩት እንመለስ፤ ይህ መብራት በእርስዋም በርቷልና። ዋዲ አቡ ጀሚል በሚባለው ሰፈር ለብዙ ዘመን አይሁድ ይኖሩ ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ ማጌን አብርሃም የሚባል፣ የአብርሃም ጋሻ ማለት ነው፣ ትልቅ ምኵራብ ሠሩ። ከ1967 ጦርነት በኋላና በ1975 በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት አብዛኞቹ ተሰደዱ፤ ምኵራቡም ተጐዳ። በ2009 ጥገናው ተጀመረ፤ በነሐሴ 2020 በወደቡ የደረሰው ፍንዳታ ደግሞ ጐዳው። በዚያው ሰፈር ከምኵራቡ ብዙ ሳይርቅ የሮማውያን የፈረስ መሮጫ ፍርስራሽ ከመሬት ተገኝቷል። ከቡርጅ ሐሙድ ወይም ከዶራ ተነሥታ ወደ መካከለኛው ከተማ ለሥራ የምትሄድ እኅት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቱንም ከደጅ ማየት ትችላለች።

ዮሴፍ ከታሪኩ በኋላ ሁለት መጻሕፍት አፒዮን የተባለውን የአይሁድ ከሳሽ ተቃውሞ ጻፈ። በእነዚህ ውስጥ የሰንበት ዕረፍት፣ ጾምና መብራት ማብራት ያልደረሰበት ከተማ በግሪክም በአሕዛብም ዘንድ እንደሌለ በመመካት ይናገራል። እርሱ ይህን ሲጽፍ ኢየሩሳሌም ፍርስራሽ ነበረች፤ መብራቱ ግን በየቤቱ እንደሚበራ ያውቅ ነበር። በ100 ዓ.ም. ገደማ በሮም ሞተ። አውሳብዮስ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊ እንደሚለው ሮማውያን ሐውልት አቆሙለት፤ መጻሕፍቱንም በቤተ መጻሕፍታቸው አኖሩ። የመቅደሱ መቅረዝ ያን ጊዜ ገና በዚያችው ከተማ በሰላም ቤት ውስጥ ነበረ።